ጭንብሉን ተወውና ቀን ቀን ማን እንደሆነ ንገረኝ

ጥያቄው የመጣው ማራኪ አካባቢ ከሚኖር ወጣት ነው። ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ለዩቲዩብ የሚሆን ተከታታይ ድራማ ሊሠሩ አስበዋል። ታሪኩ ጎንደር ውስጥ፣ በጣሊያን ጊዜ ነው። ማታ ማታ ፊቱን ሸፍኖ የሚወጣ አንድ ሰው አለ። መነሻ የሆናቸው አባቱ የሚወዱት የድሮው የዲዝኒ ዞሮ ነው። ጥያቄውን እንዲህ አስቀምጦታል፦ «ዞሮ ዓይኑ ላይ ያለችው አንዲት ጥቁር ጨርቅ ብቻ ናት። አገጩ ይታያል፣ ጺሙ ይታያል። ታዲያ ከተማው ሁሉ እንዴት አያውቀውም? እኛ ይህንኑ ብንሠራ የጎንደር ሰው አይስቅብንም? ጭንብሉን እንዴት ብናደርገው ይሻላል? ደግሞስ ሦስተኛው ክፍል ላይ ማንነቱን ለሰፈሩ ብንገልጠው ምን ይመስልሃል?»

ወንድሜ፣ ቁም ነገር ነው የጠየቅከው። እኔ የድራማ ስክሪፕት እየጻፍኩና የወጣቶችን ሥራ እያነበብኩ የኖርኩ ሰው ነኝ። ባለ ጭንብል ታሪክ ይዞ የሚመጣ ልጅ ሁሉ አስቀድሞ የሚያሳየኝ የልብሱን ሥዕል ነው። ካባው ይህ ነው፣ ጎራዴው ይህ ነው። እሺ፣ ቀን ቀን ምን ሠርቶ ነው የሚበላው ስለው ዝም ይላል። ያንተም ጥያቄ መልሱ እዚያ ላይ ስላለ ከጭንብሉ አልጀምርም።

ዞሮን ላላየ አንባቢ ትንሽ ልበል። በአሜሪካ ኤቢሲ ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1959 የታየ ተከታታይ ነው። በሁለት ሲዝን 78 ክፍል ወጥቶለታል፤ ሁሉም በጥቁርና ነጭ፣ እያንዳንዱ ከነማስታወቂያው ግማሽ ሰዓት። ታሪኩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1820 ነው፣ ካሊፎርኒያ ገና በስፔን ሥር ሳለች። ዲዬጎ ዴ ላ ቬጋ የሚባለው ወጣት ቀን ቀን የሀብታም ልጅ ነው፣ ሲመሽ ጥቁር ለብሶ ዞሮ ይሆናል። የሚጫወተው ጋይ ዊሊያምስ ነው።

አሁን የመጀመሪያውን ክፍል አስታውስ። ዲዬጎ ስፔን ቆይቶ በመርከብ ወደ ሎስ አንጀለስ እየተመለሰ ነው። ና ብለው የጠሩት አባቱ ናቸው። ጉዞው ሊያልቅ ሲል ሞናስታርዮ የሚባል ካፒቴን ከተማዋን አንቀጥቅጦ እንደያዛት መርከቡ ላይ ይሰማል። ዲዬጎ በጎራዴ የተሸለመ ሰው ነው። ሌላ ጀግና ቢሆን መርከቡ እንደቆመ መዝዞ ይወርዳል። እሱ ግን ከአገልጋዩ ከበርናርዶ ጋር ቁጭ ብሎ ይመክራል። ችሎታውን ሊደብቅ፣ ከመጽሐፍ በቀር ምንም የማያውቅ፣ ጠብ ሲነሳ ወደ ኋላ የሚል ለስላሳ ልጅ መስሎ ሊገባ ይወስናል። በርናርዶ መናገር አይችልም፤ ጆሮው ግን ደህና ነው። እሱ ደግሞ መስማትም የማይችል መስሎ ሊኖር ይስማማል፣ ሰው ፊቱ ላይ እንደልቡ እንዲያወራ። ልብ በል፣ እስከዚህ ድረስ ጥቁር ጨርቅ የሚባል ነገር የለም። ትልቁ ሥራ ግን ተሠርቶ አልቋል።

ለጥያቄህ መልሱ ይህ ነው። ዞሮን የሚደብቀው ያቺ ጨርቅ አይደለችም፣ ዲዬጎ ነው። ሰው የሚያውቀን በፊታችን ብቻ ሳይሆን ስለኛ ቀድሞ በያዘው ግምት ነው። ሰፈርህ ውስጥ ያለውን ዝምተኛ ልጅ አስበው፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ መልስ ሲያጎድሉበት እንኳ ተከራክሮ የማያስመልሰውን። ያ ልጅ ትናንት ማታ ሦስት ወታደር ትጥቅ አስፈታ ቢሉህ አታምንም። በዓይኔ አየሁት የሚል ሰው ቢመጣ እንኳ «ተው እባክህ፣ ተመሳስሎብህ ነው» ትለዋለህ። ካፒቴን ሞናስታርዮ ዲዬጎን ጠርጥሮታል፣ ነገሩ ከሁሉም ቀድሞ የገባው እሱ ነው። ግን ማን ይመነው?

ሳጅን ጋርሲያን ደግሞ ተመልከት። ዞሮን እንዲይዝ የታዘዘው እሱ ነው። ወይን ይወዳል፣ ኪሱ ግን ሁልጊዜ ባዶ ነው፤ መጠጥ ቤት ሲገናኙ የሚከፍልለት ዲዬጎ ነው። ስለሚያሳድደው ሰው ለዚያው ለሚያሳድደው ሰው ቁጭ ብሎ ያወራል። ሄንሪ ካልቪን ይህን ሰው ሲጫወተው ሞኝ ብቻ አድርጎ አልተወውም። ሆዱ ቡቡ ነው፣ ትእዛዝ ሆኖበት እንጂ ሰው ማሰቃየት አይወድም። ለዚህ ነው ተመልካቹ «ይሄ ሰውዬ ዓይን የለውም እንዴ» ብሎ የማይበሳጨው። ጋርሲያ ዲዬጎን ይወደዋል፤ የሚወዱትን ሰው መጠርጠር ደግሞ ይከብዳል። ያንተም ጀግና አሳዳጅ እንዲህ ያለ ሰው ይሁን። ጨካኝ ብቻ ከሆነ ጀግናህ ላይ የሚያደርሰው ጥይት ብቻ ነው። ወዳጅ ከሆነ ግን በየክፍሉ ልብ የሚያንጠለጥል ነገር ታገኛለህ።

እኔን ከሁሉ የሚያመኝ የአባትየው ነገር ነው። ዶን አሌሃንድሮ ልጃቸውን የጠሩት ከጎናቸው እንዲቆም ነው። የመጣላቸው ግን «ለገዢው አቤቱታ እንጻፍ» የሚል ልጅ ነው። ሽማግሌው በልጃቸው ሲያፍሩ ዲዬጎ ፊት ለፊታቸው ቆሞ ይሰማል። አንዲት ቃል ቢያወጣ ሁሉም ነገር ይፈታ ነበር። አያወጣትም፣ ሆድ ይፍጀው ብሎ ይተዋታል። በኋላ አባትየው ምስጢሩን እንደሚያውቁ የሚገልጹበት ጊዜ ይመጣል፤ ግን እስከዚያ ድረስ ያለው ዝምታ ነው ድራማውን የተሸከመው። ጎራዴው ያምራል፣ ሙዚቃው ያምራል፣ ጥቁሩ ፈረስ ቶርኔዶም ያምራል። እኔ ግን ደጋግሜ የማየው የአባትና የልጁን የእራት ጠረጴዛ ነው።

ጭንብል ያለው ሁሉ ሁለት ኑሮ አለው ማለት አይደለም። ሎን ሬንጀርን ውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1933 በሬዲዮ ተጀምሮ ከ1949 እስከ 1957 በቴሌቪዥን የታየ የአሜሪካ ተከታታይ ነው። እሱም ዓይኑ ላይ ጥቁር ጭንብል አለው። ግን ጓደኞቹ ሲገደሉ እሱም አብሮ እንደሞተ እንዲታሰብ ስድስተኛ መቃብር ተቆፍሮለታል፣ ከዚያ በኋላ ቀን ቀን የሚኖረው ቤት የለውም። ማንም «ትናንት ማታ የት ነበርክ» ብሎ የሚጠይቀው ዘመድ የለም። ጥሩ ተከታታይ ነው፣ ፈረሱ ብቻ እንኳ ያስደስታል። አንተ የምትፈልገው ግን ይህን አይመስለኝም፤ ያንተ ሰው ማንነቱን ደብቆ ሰፈር ውስጥ የሚኖር ነውና የምትወጣበት ዳገት የዞሮው ነው።

እንግዲህ ወደ ጎንደር እንምጣ።

ጣሊያን ጎንደር የገባው በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ነው። ንጉሡ አዲስ አበባ የተመለሱት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ሲሆን ጎንደር ግን እስከ ኅዳር 1934 ድረስ በጣሊያን እጅ ቆይታለች። የምሥራቅ አፍሪካው የጣሊያን ጦር የመጨረሻ ምሽግ የኛው ከተማ ነበረች። ይህን በደንብ ያዝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ። በዚያ ዘመን ባለ ሁለት ኑሮ ጀግና መፍጠር አያስፈልግህም፣ በታሪክ አለልህ። የውስጥ አርበኛ ይባላል። ቀን ከጣሊያን ጋር እየዋለ፣ እየሠራ፣ እየሸጠ፣ ማታ ወሬውን፣ መድኃኒቱንና ጥይቱን ጫካ ላለው አርበኛ የሚያቀብል ሰው። ወንድም ሴትም ነበረበት። አዲስ አበባ ውስጥ ሸዋረገድ ገድሌ ይህን ሲሠሩ ተይዘው ብዙ መከራ አይተዋል። እነዚህ ሰዎች ከተማው መሀል ፊታቸውን ገልጠው ነበር የሚሄዱት፣ የሚደብቃቸውም ያ የቀን ሥራቸው ነበር።

ስለዚህ ጀግናህ ቀን ቀን ማን ይሁን? አዝማሪ ልታደርገው እንደሚያምርህ እገምታለሁ፣ ጎንደር ነንና። አስብበት። ከየካቲት 12 ቀን 1929 በኋላ ግራዚያኒ አዝማሪውን፣ ጠንቋዩን፣ ባሕታዊውን እያስለቀመ አስገድሏል፤ ሕዝቡን ያነሳሳሉ ብሎ። ማሲንቆ የያዘ ሰው በዚያ ጊዜ ራሱ ተጠርጣሪ ነው፣ መደበቂያ አይሆንልህም። እኔ ብሆን አስተርጓሚ አደርገዋለሁ። ሚሲዮን ቤት ጣሊያንኛ የተማረ፣ ንጹሕ ኮት የሚለብስ፣ ከሹሞቹ ኋላ ኋላ የሚሄድ። የሚሰማው ነገር ሁሉ ለአርበኛው ወርቅ ነው። ለሰፈሩ ግን ባንዳ ነው።

እዚህ ላይ ያንተ ታሪክ ከዞሮ ይበልጣል ብዬ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። ዲዬጎ ቢበዛ ፈሪ ነው የተባለው፣ ፈሪ መባል ደግሞ ይቻላል። ባንዳ መባል ግን በልጅ ልጅ አይለቅም። አንድ ትዕይንት ልስጥህ፣ ከፈለግክ ውሰደው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቅዳሴ አልቋል፣ ሰዉ እየወጣ ነው። የአስተርጓሚው እናት ለረጅም ጊዜ ጎረቤታቸው «እንደምን አደርሽ» ይላሉ። ሴትየዋ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ታልፋለች። እናትየው ቆመው ይቀራሉ። ማታ ለልጃቸው እራት ያቀርባሉ፤ አይቀመጡም፣ አብረውት አይበሉም። «እማማ ምነው?» ሲላቸው «ጾም ነኝ» ይሉታል። የፍስክ ቀን ነው። ልጁ ገብቶታል። ሌሊቱን ደግሞ የጎረቤቲቱን ልጅ ስም ከሚታሰሩት ዝርዝር ውስጥ ሊያወጣ ነው የሚሄደው። በቃ፣ ይህን በደንብ ከቀረጽክ ጭንብሉ አዲስ ፌስታልም ቢሆን የሚስቅብህ የለም።

ቢሆንም ስለ ጭንብሉ ጠይቀሃልና ልመልስ። የዓይን ጨርቁን ተወው፣ እዚህ አገር አያስኬድም። የኛ ደጋ ሰው በብርድ ሲነጋጋ ኩታውን ወይም ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ነው የሚሄደው። ማሕሌት የሚሄደውም፣ ገበያ የሚወጣውም፣ ለቅሶ የሚደርሰውም። ማንም ገልጦ አያየውም። ካባ ከፈለግክ በርኖስ አለልህ፤ ጥቁር ነው፣ ከባድ ነው፣ ከነፋስ ጋር ያምራል፣ ትከሻው ላይ ያለችው ሹል ነገር በጨረቃ ብርሃን ከሩቅ ትለያለች። ሰውየው ለየት ያለ ነገር ሳይለብስ ተሸፈነ ማለት ነው። ከዓይኑ በቀር ሁሉም ስለሚሸፈን ዓይኑ የሚናገር ተዋናይ ምረጥ። መልክ ብቻ አይተህ እንዳትመርጥ።

ፊት ከተሸፈነ በኋላ የሚቀሩት አሳባቂዎች ድምፅና አረማመድ ናቸው። ጎንደር ትልቅ ከተማ አይደለችም፣ በዚያ ዘመን ደግሞ ከዚህም ታንስ ነበር። አካሄድህን አይተው «የእገሌ ልጅ አይደለህም?» የሚሉ እናቶች ያሉበት አገር ነው። ስለዚህ ማታ አያናግረው። ወይ በጣም ጥቂት ይናገር፣ በሹክሹክታ። ይህ ለቀረጻም ይጠቅምሃል። ደረት ላይ የምትሰካው ማይክ ከጨርቅ ጋር እየተፋተገ ድምፁን ያበላሽብሃል፤ የማታውን ንግግር ለብቻው ቤት ውስጥ ቀድተህ በኋላ ብትገጥመው ይሻላል። አረማመዱን ደግሞ በቀኑ በኩል ሥራው። ቀን ቀን ትንሽ ያነክስ፣ ወይም ሹሞቹ ፊት ስለሚያጎነብስ ከወገቡ ጎበጥ ያለ ይሁን። ማታ ቀና ሲል ቁመቱ ራሱ ሌላ ሰው ያደርገዋል።

ፈረስ አትስጠው። ዞሮ ቶርኔዶን የሚደብቅበት ከመኖሪያ ቤቱ በምስጢር መተላለፊያ የሚገባበት ዋሻ አለው። እዚህ ግን የማን በቅሎ እንደሆነች ሕፃን ሁሉ ያውቃል። በእግሩ ይሂድ። ቀሃ ወንዝን ይዞ ይውረድ፣ በአንገረብ በኩል ይውጣ። ደግሞ የፈረስ ኪራይ አውጥተህ አትችለውም።

ጭንብል ያለው ትልቅ ጥቅም አንድ ነው፣ ስለሱ ማንም አይነግርህም። ፊቱ የማይታይ ሰው ተተኪ ይኖረዋል። ዞሮ ላይ አደገኛውን ዝላይ የሚሠራው ጋይ ዊሊያምስ ሳይሆን በዲ ቫን ሆርን የሚባል ስታንተኛ ነበር። ያንተ ተዋናይ ፈተና ሲኖርበት፣ ሲታመም፣ ቤተሰብ ጋ ሲሄድ ቁመቱ የሚመሳሰል ልጅ በርኖሱን ለብሶ ከጀርባ ይቀረጻል። በትንሽ ገንዘብ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ድብድቡንም ቀደም ብላችሁ ተለማመዱት። የዞሮ ሰዎች ፍሬድ ካቨንስ የሚባል የጎራዴ መምህር ነበራቸው፣ እያንዳንዱ ምት ተቆጥሮ ነው የሚጠናው። እናንተ ጎራዴ አያስፈልጋችሁም፣ የኛ ሰው እጅ ሽመል አያጣም። በዝግታ አጥኑት፣ የሚመታው ሰው መቼ እንደሚመታ ይወቅ። ዓይን የጠፋበት ልጅ በድራማ አይካስም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ዞሮ በየሄደበት በጎራዴው ጫፍ የስሙን ምልክት ይተዋል፣ ልጆችም የሚወዱት ያንን ነው። አንተ አታድርገው። በጣሊያን ጊዜ አንድ ወታደር ከተነካ የሚቀጣው አድራጊው ብቻ አልነበረም። ሰፈር ይቃጠላል፣ ያልዋለበት ሰው ይገደላል። የካቲት 12 ላይ ሁለት ወጣቶች በወረወሩት ቦምብ ምክንያት አዲስ አበባ ሦስት ቀን በደም ታጥባለች። ምልክት የሚተው ጀግና በዚያ ዘመን ጎረቤቱን የሚያስፈጅ ሰው ነው። ስለዚህ ያንተ ጀግና ድል ያደረገ ቀን ማንም ድል እንደተደረገ አይወቅ። ስም ከዝርዝር ጠፋ፣ የጭነት መኪናው በተሳሳተ መንገድ ሄደ፣ ደብዳቤው ዘገየ። አጥፊው ያልታወቀ ጥፋት ይመስላል። ይህን ለመጻፍ ከጎራዴው ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ግን የሞቱትን ሰዎች የምናከብረው እንዲህ ነው፣ መከራቸውን ቀላል ባለማድረግ።

ቀረጻውን ፋሲል ግቢ ውስጥ እናድርግ ካላችሁ አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ። ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ ቅርስ ነው፣ ግድግዳው ላይ ሚስማር ቀርቶ ፕላስተር አይለጠፍም። ካልሆነ ደግሞ ፒያሳ በጣሊያን ጊዜ የተሠሩ ሕንፃዎች ሞልተዋል፤ እሁድ ጠዋት ማልዳችሁ ብትወጡ መኪናም ታክሲም ሳይገባባችሁ መንገዱን ታገኙታላችሁ።

የመጨረሻው ጥያቄህ ሦስተኛው ክፍል ላይ እንግለጠው ወይ የሚለው ነው። አይሆንም። የዞሮን ታሪክ መጀመሪያ የጻፈው ጆንስተን ማኩሊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1919 በመጽሔት በተከታታይ ወጥቶ። ያ ታሪክ ሲያልቅ ዞሮ በሰው ፊት ማንነቱን ይገልጻል። በማግሥቱ ዓመት ዳግላስ ፌርባንክስ ፊልም አድርጎት ሕዝቡ ሲወደው ማኩሊ ሌላ ታሪክ ጻፍ ተባለ። ምን ያድርግ? ምስጢሩ እንዳልወጣ አድርጎ ጻፈ። እሱ እንዲህ ማድረግ ቻለ፣ ዛሬ ግን ተመልካችህ የመጀመሪያውን ክፍል ስልኩ ላይ መልሶ ያየዋል። አንዴ ከገለጥክ ገለጥክ ነው።

እኔ የምመክርህ እስከ ኅዳር 1934 እንድትቆይ ነው። ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩህ ይህ ነው። ከሚያዝያ 1933 በኋላ ሌላው አገር ነጻ እየወጣ ነው፣ ባንዲራ እየተሰቀለ ነው፣ ጎንደር ግን ተከባ ቀርታለች። ከስድስት ወር በላይ። ሥራቸውን ትተው ወደ አርበኛው የሚሸሹ ይኖራሉ፣ ያንተ አስተርጓሚ ግን አሁን ነው ይበልጥ የሚፈለገው። ይቆያል። በየቀኑ ይበልጥ ባንዳ ይመስላል። ከጎንደር ውጭ ያሉት የጣሊያን ምሽጎች ተራ በተራ ያልቃሉ፤ ወልቀፊት እጁን ይሰጣል፣ ቁልቋልበር ይወድቃል፣ ከዚያ ከተማዋ ትለቀቃለች። አርበኛው ሲገባ ሰዉ እልል እያለ ይወጣል፤ ወዲያው ደግሞ ባንዳ መልቀም ይጀመራል። ጀግናህ ከቤቱ ተጎትቶ ይወጣል። አሁን ማን ይመስክርለት? እሱ «የውስጥ አርበኛ ነበርኩ» ቢል ሁሉም ባንዳ እንዲሁ ነው የሚለው።

ስለዚህ የሚያውቅለት አንድ ሰው ያስፈልግሃል፣ እንደ በርናርዶ ያለ። ምናልባት ቆሎ ተማሪ ነው፣ ምናልባት ጠጅ ቤት ያላት ሴት ናት። ያ ሰው የመጀመሪያው ክፍል ላይ በደንብ ይታይ፣ ከዚያ በየክፍሉ ይኑር፣ ተመልካቹም በየክፍሉ ይሙት ይሆን ብሎ ይስጋለት። ማን እንደሆነ ወስነህ ከእናትየው ትዕይንት ጋር አንድ ላይ ጽፈህ ላክልኝ፣ ቁጭ ብዬ አነብልሃለሁ።